የቅጥቅጥ ጣሪያ ሲያፈስ፦ በአሮጌው ማሸጊያ ላይ አትደርቡ

በወሎ መንገድ የሚሠራ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጣሪያው በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል። በልጉ በየካቲት ገደማ ብቅ ብሎ እስከ ግንቦት ሲመላለስ ይቆያል፤ ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ክረምቱ ይወርዳል። በመካከል ያለው ደረቅ ጊዜም ለጣሪያው ዕረፍት አይሰጥም። ከባቲ ወይም ከከሚሴ ሐሩር የተነሣ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ብርድ ውስጥ ይገባል። ላሜራው (የጣሪያው ስስ ብረት) ቀን እጅ እስኪያቃጥል ግሎ ሌሊት ውርጭ ያገኘዋል። 7 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ጣሪያ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል፣ መልሶም ያጥራል። ያ ሁሉ መሳሳብ የሚያርፈው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

ብዙ ጣሪያ ፍቄ የማየው ነገር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። የሚያፈሰው መገጣጠሚያ ማሸጊያ የበዛበት ነው። ከታች መጀመሪያ የተመረገ ስቱኮ (ሲደርቅ የሚጠጥር መሙያ)፣ በላዩ አንድ ክረምት የተቀባ ሲሊኮን፣ በሲሊኮኑ ላይ ካትራሜ (ጥቁር ሬንጅ)፣ በካትራሜው ላይ ደግሞ ሌላ ሲሊኮን። ውሃው ከሁሉም ሥር ገብቶ ላሜራውን በሰላም ይበላል። ባለንብረቱ በየዓመቱ ገንዘብ አውጥቷል፣ መኪናው በየዓመቱ ከሥራ ወጥቶ ቆሟል፣ ተሳፋሪው ግን አሁንም በመኪና ውስጥ ጥላ ይዘረጋል። ከዚህ እንድትተርፉ ሥራውን በተራው አስቀምጣለሁ። አብሽሩ፣ ዕቃው ጥቂት ነው፤ ጊዜ ግን ይበላል።

ከሁሉ በፊት የሚያንጠባጥበው ዝናብ መሆኑን አረጋግጡ። ደሴ ላይ ማለዳ ሰው ሞልቶ መስኮት ዘግቶ የተነሣ መኪና፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ኮርኒሱ ሊያንጠባጥብ ይችላል። የተሳፋሪው ትንፋሽ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ነው። ይህኛው በሁሉም ቱቦላሬ (ላሜራውን ከሥር የተሸከመው ብረት) ሥር እኩል ይታያል፣ ፀሐይ ጣሪያውን ስታሞቀው ይጠፋል። የጣሪያ ፍሳሽ ግን ቦታ ይመርጣል፤ ሲደርቅም ዳሩ ቡናማ የሆነ የዝገት እድፍ ኮርኒሱ ላይ ትቶ ይሄዳል። ለትንፋሹ መድኃኒቱ የጣሪያውን መተንፈሻ ጥቂት ከፍቶ መሄድ ነው። ለዚያ ብላችሁ አንድ ቱቦ ማሸጊያ አታባክኑ።

ፍሳሽ መሆኑ ከታወቀ ሹፌሩንና ረዳቱን ጠይቁ። መቼ ነው የሚያፈሰው? ሽቅብ ሲወጣ ነው ወይስ ቁልቁል ሲወርድ? ቆሞ እያለ ነው ወይስ ሲሄድ ብቻ? ውሃ በላሜራውና በኮርኒሱ መካከል ገብቶ ቱቦላሬውን ተከትሎ ሜትሮችን ይጓዛልና የሚንጠባጠብበት ቦታ የገባበት ቦታ ነው ብላችሁ አትመኑ። ሐረጎን ሲወርድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሹፌሩ አናት ላይ ውሃ የሚደፋ መኪና ብዙ ጊዜ ፊቱ ጤነኛ ነው፤ ቀዳዳው ኋላ መሰላሉ የታሰረበት ብሎን ሥር ሆኖ ውሃው ተጠራቅሞ ቆይቶ ነው ወደ ፊት የሚሮጠው። በዝናብ ውስጥ ሲሄድ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ነፋስ የሚመታውን የፊት መገጣጠሚያ ጠርጥሩ። የላሜራዎቹ አደራረብ የፊተኛው ከኋለኛው ላይ መሆን አለበት። ተገልብጦ የተሠራ ከሆነ መኪናው በሄደ ቁጥር ነፋሱ ዝናቡን ወደ ስንጥቁ ይገፋዋል፤ እንዲህ ያለውን መገጣጠሚያ ከሌላው ይልቅ ሰፋ አድርጋችሁ ታሽጉታላችሁ።

ከጥያቄው በኋላ የውሃ ፍተሻ ይመጣል። እድፍ ባለበት አካባቢ ኮርኒሱን ፍቱ፣ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ውሃውን በጎማ ቱቦ ያለ ግፊት፣ ዝም ብሎ እንዲፈስ አድርጋችሁ ልቀቁት። ከዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም ከዳሩ መገጣጠሚያ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ በእያንዳንዱ ቦታ 5 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉን አርሶ የትኛው እንዳፈሰሰ አይታወቅም። የፖርቶ መጋላውን (ጣሪያ ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ) እግሮች አንድ በአንድ ሞክሩ። ውስጥ ያለው ሰው ጠብታ ሲያይ ይጮኻል፣ ላይ ያለው በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ያለው ማሽን አትጠቀሙ፤ በጤነኛው መገጣጠሚያም ውሃ ያስገባና ያሳስታችኋል። የቧንቧ ውሃ በሌለበት ቀን በጀሪካን ቀስ እያሉ ማፍሰስም ይሠራል።

ጣሪያ ላይ ስትወጡ ቱቦላሬው ባለበት መስመር ላይ እርገጡ ወይም ሳንቃ አንጥፉ። በሁለቱ ቱቦላሬ መካከል ያለውን ላሜራ ከረገጣችሁት ይሰረጉዳል፤ የተሰረጎደው ቦታ ደግሞ ውሃ ያቁራል።

አሁን ጽዳቱ። ተራው ሳሙና፣ መፋቅ፣ ዝገት፣ መጨረሻ ላይ በቲነር መጥረግ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ከቲነሩ ይጀምራል፤ ይህ ጣሪያው ላይ ያለውን አቧራና ቅባት አቅልጦ ጭረት ውስጥ ማስገባት ነው። ጣሪያው በፈሳሽ ሳሙናና በብሩሽ ይታጠብ፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። የአፋር ጨው፣ ማዳበሪያ ወይም በግና ፍየል ሲጫንበት የቆየ ጣሪያ ከሆነ ሁለቴ እጠቡት። ጨውም የከብት ሽንትም ብረት ይበላሉ፤ ከአዲሱ ማሸጊያ ሥር ከቀሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

መፋቁ የሥራው ትልቁ ክፍል ነውና እዚህ ላይ ቆየት እንበል። እያንዳንዱ አሮጌ ማሸጊያ የራሱ ጠባይ አለው።

ሲሊኮን ከሁሉም የከፋ ነው። ሲቀባ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱ ዚንክ የተቀባውንም ያልተቀባውንም ላሜራ ያዝጋል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ቀለም አይይዘውም፣ ሌላ ማሸጊያ አይይዘውም፣ ራሱ አዲስ ሲሊኮን እንኳ አሮጌው ላይ በቅጡ አይጣበቅም። ቲነር አያቀልጠውም፤ ያሰፋዋል እንጂ። በስለት ዳርና ዳሩን ቆርጣችሁ እንደ ጅማት ጎትቱት፣ ቀሪውን በስፓቱላ ግፈፉ፣ ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ወይም ጤነኛው ቀለም እስኪታይ እሹት። መልቀቁን ለማወቅ ውሃ ርጩበት። ውሃው እየተንከባለለ እንደ ዶቃ ከተሰበሰበ ሲሊኮኑ አሁንም አለ።

ካትራሜ ርካሽ ስለሆነና ጥቁረቱ የታሸገ ስለሚያስመስል ይወደዳል። በባቲ ሙቀት ይፈሳል፣ በደሴ ብርድ ይሰነጠቃል። ዘይቱ በላዩ የተቀባውን ቀለምና ማሸጊያ ዘልቆ ይወጣል። የሚነሣው በማለዳ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና በስፓቱላ እየተፈረፈረ ይለቃል። ቀን ሞቆ ከነካችሁት ጣሪያውን ሁሉ ታዳርሱታላችሁ። የቀረውን ስስ ሽፋን በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ወይም በናፍጣ በራሰ ጨርቅ አቅልጡ፣ ከዚያ በሳሙና እጠቡ፣ ሲደርቅ በቲነር ጥረጉ። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ናፍጣ የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው።

ስቱኮ ለበር ጉድጓድ ጥሩ ነው፣ ለጣሪያ መገጣጠሚያ ግን አይሆንም። ግትር ስለሆነ ላሜራው ሲሳሳብ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በዓይን የማይታይ ቢሆንም ውሃ ይስባል፣ የሳበውንም ይዞ ያቆያል። ከሥሩ ሁልጊዜ ዝገት አለ። ስቱኮ የተመረገበትን መስመር «ጠንካራ ነው፣ ይቅር» ብላችሁ አትለፉት፤ በመዶሻና በስፓቱላ አንሱት።

ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ድረስ ንጹሕ መሆን አለበት። የስፓቱላውን ሹል ማዕዘኖች በሞረድ አደንዝዟቸው። ግራይንደር በድንጋይ አትጠቀሙ፤ የጣሪያው ላሜራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ድንጋዩ ለአፍታ አንድ ቦታ ከቆየ ይሳሳል ወይም ይበሳል። በግራይንደር ላይ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ ይበቃል፤ መነጽር ማድረግ እንዳትረሱ፣ ሽቦው ይወረወራል።

ማሸጊያው ሲነሣ ዝገቱ ይገለጣል። በካቻቢቴ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፍቁት፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን ስስ ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት ማጥፊያ ቀቡት፣ ጥቁር ሲሆን ሥራውን ጨርሷል። የሚላጥ ወፍራም ዝገት ላይ ግን ይህ ፈሳሽ አይሠራም፤ ከላይ ያጠቁረዋል፣ ከሥር ይቀጥላል። ካቻቢቴው ሰርስሮ የሚገባ ከሆነ ማሸጊያ አያድነውም። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ በዚያው ውፍረት ላሜራ ጠግኑ፣ ጥገናው በየአቅጣጫው 3 ሴንቲሜትር ይደረብ።

ጥገናውን በብየዳ ወይም በሪቬት ማሰር ይቻላል፤ ሁለቱም ወጥመድ አላቸው። ብየዳ ሲሆን ባለሙያው ላሜራው እንዳይጣመም ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበይዳል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍት ነው፣ መታሸግ አለበት። ከሥር ያለው ቀለም ስለሚቃጠልም በውስጥ በኩል ጸረ ዝገት ካልተቀባ ጥገናው ከሥር ይበሰብሳል። ከብየዳው በፊት ኮርኒሱንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን አርቁ፣ የባትሪውን ገመድ ፍቱ፣ ቲነርና ቤንዚን ከአካባቢው ይውጣ። ሪቬት ከሆነ ደግሞ ተራው ሪቬት መሐሉ ቀዳዳ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ሚስማሩ ተቆርጦ ሲወድቅ ውሃ በዚያች በኩል ይገባል። ጫፉ የተደፈነውን ዓይነት ግዙ፤ ካጣችሁ የእያንዳንዱን ሪቬት ራስ በማሸጊያ ሸፍኑ። በየ4 ወይም 5 ሴንቲሜትሩ ምቱ፣ ላሜራዎቹን ከማጋጠማችሁ በፊትም በመካከላቸው ማሸጊያ ቀቡ።

የተፋቀ ብረት ባዶውን አያድር፤ የደሴ ጤዛ በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። ሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚቀባው ኤፖክሲ ፕራይመር ለማሸጊያ የተሻለ መሠረት ነው። የተለመደው ቀይ አንቲረስት (ጸረ ዝገት ቀለም) ግን ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥር ለቀናት እርጥብ ነው። ማሸጊያ ቶሎ ከተደረገበት አብሮ እየተላጠ ይነሣል። ከእርሱ ሌላ ካልተገኘ በስሱ ቀቡ፣ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት።

ቀጥሎ ያለው መጥረግ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ቢሆንም ሥራው ሁሉ የሚድነው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። ጋራዥ ውስጥ መገጣጠሚያን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ጠርጎ ወዲያው ማሸግ ልማድ ሆኗል። ናፍጣ የዘይት ሽፋን ይተዋል፤ ቤንዚንም ቢሆን ንጹሕ ማጽጃ አይደለም። ማሸጊያው የሚይዘው ዘይቱን ነው፣ ብረቱን አይደለም። አሴቶን ወይም ጥሩ ቲነር ይሁን፤ ቲነሩ ቀለሙን የሚያለሰልስ መሆኑን በማይታይ ቦታ ሞክሩ። ሁለት ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያዙ። በአንዱ አርሳችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ፣ ሳይተን ወዲያው በደረቁ አንሡት። ራሱ ሲተን ከተዋችሁት ያቀለጠውን ቅባት መልሶ እዚያው ያስቀምጠዋል። ጨርቁ ሲቆሽሽ ቀይሩ፣ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ድገሙት፤ ከዚያ በኋላ በእጃችሁ አትንኩት።

ሰዓት መምረጥም ሥራ ነው። ደሴ፣ ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላይ ጠዋት ላሜራው ደረቅ መስሎ በስስ እርጥበት የተሸፈነ ነው፤ ከ4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ባቲ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጠዋት ከታሸገ በስንጥቁ ውስጥ የታሰረው አየር ቀን ሲሞቅ ይሰፋና ገና ያልደረቀውን ማሸጊያ ነድሎ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ላሜራው ወደ መቀዝቀዙ ሲሄድ አሽጉ። ከዓመቱ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወራት ይመረጣል፤ ያ ካለፈ ደግሞ በልጉ ካበቃ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ ያለው ጥቂት ጊዜ አለ። ሐምሌ ላይ በሁለት ዝናብ መካከል መሥራት የሚቻለው መጠለያ ያለው ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለ ማሸጊያው ዓይነት፦ ፖሊዩሪታን ያለው፣ በጋራዥ «ሲካ» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት ለብረት ጣሪያ ይስማማል። ይለጠጣል፣ ይዞ ይቆያል፣ ቀለም ይቀበላል። ድክመቱ ፀሐይ ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ጎጂው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሳይቀባ ከተተወ ላዩ እየነጣ ይሰነጣጠቃል። ኤም ኤስ ፖሊመር የሚባለው ፀሐይን ይበልጥ ይችላል፤ ካገኛችሁት ይሻላል። ስትገዙ ጊዜው ያለፈበት አለመሆኑን ቱቦው ላይ አንብቡ፣ በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የኖረውን ተዉት። የማሸጊያ መግፊያ ሽጉጡን ስትጫኑ አልወጣ ብሎ የሚታገል ማሸጊያ በቱቦው ውስጥ መድረቅ ጀምሯል፤ ብረት አይይዝም፣ ጣሉት። ፖሊዩሪታን ሳይደርቅ ቆዳንና መተንፈሻን ያስቆጣል፤ ጓንት አድርጉ፣ በር በተዘጋ ጋራዥ አትሥሩ።

ስንት ቱቦ? 15 ሚሊሜትር ስፋትና 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስመር ለአንድ ሜትር 45 ሚሊሊትር ይበላል። ጣሪያው 7 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ 1 በ2 ከሆነ ላሜራ ከተሠራ 6 አግድም መገጣጠሚያ ይኖረዋል፤ ይህ 12 ሜትር ነው። ግራና ቀኝ ዳሩ 14 ሜትር፣ የፊትና የኋላው 4 ሜትር፣ የፖርቶ መጋላው እግሮች፣ መሰላሉና መተንፈሻዎቹ ወደ 10 ሜትር። ሁሉም 40 ሜትር ሲሆን 1,800 ሚሊሊትር፣ ማለትም 300 ሚሊሊትር የሚይዝ 6 ቱቦ ይወስዳል። 7 ግዙ። በሁለት ቱቦ ጣሪያ ጨረስኩ የሚል ሰው ወይ ቀጭን ቀብቷል፣ ወይ ዘሏል።

የወረቀት ፕላስተር በመስመሩ ግራና ቀኝ ለጥፉ። የቱቦውን አፍንጫ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ቁረጡ፣ ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ሽጉጡን ስንጥቁ ላይ አስጠግታችሁ ሳታቋርጡ ሂዱ፣ ማሸጊያው ወደ ስንጥቁ ውስጥ ይጨመቅ። ከዚያ በስፓቱላ አንድ ጊዜ ብቻ ተጭናችሁ አስተካክሉ። ደጋግሞ ማለስለስ ያሳሳዋል፤ ዳሩ ከ1 ሚሊሜትር በታች የሳሳ ማሸጊያ በፀሐይ ተጠቅልሎ ይነሣል። ጣታችሁን በአልኮል ወይም በሳኒታይዘር አርሳችሁ አታለስልሱ፤ አልኮል ፖሊዩሪታኑን እንዳይደርቅ ያደርገዋል፣ ለዘላለም እንደ ማስቲካ ይቀራል። ላዩ ቆዳ ሳያበጅ ፕላስተሩን ላጡ፤ ካረፈዳችሁ ዳሩን ይዞ ይነሣል።

የውጭ አገር ሰዎች ቤት አድርገው በሚጓዙባቸው መኪኖች ላይ ራሱ ፈስሶ የሚስተካከል ማሸጊያ ይጠቀማሉ። ለደልዳላ ጣሪያ መተንፈሻ ዙሪያ ግሩም ነው። የቅጥቅጥ ጣሪያ ዳሩ ጎባጣ ስለሆነ ግን እዚያ ላይ ወርዶ መስኮቱ ጋ ይደርሳል፤ ለዳሩ ወፍራሙን ዓይነት ተጠቀሙ።

ከመስመሮቹ ይልቅ የሚያስቸግረው ፖርቶ መጋላው ነው። ጭነት በተጫነ ቁጥር እግሩ ላሜራውን ይጫናል፣ ኮረኮንች ላይ ይነቀንቀዋል። ዙሪያውን ከላይ መለቅለቅ ጥቅም የለውም፤ እግሩ መፈታት አለበት። የብሎኑን ቀዳዳ ዳር ፍቁና ፕራይመር ቀቡ። ከእግሩ ሥር 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጎማ አንጥፉ፣ በጎማው ላይና ሥር፣ በቀዳዳውም ውስጥ ማሸጊያ አድርጉ። በውስጥ በኩል ከሮንዴላ ይልቅ 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ 3 ሚሊሜትር ብረት አድርጉና ጭነቱን አካፍሉት፤ ቢቻል እግሩ ቱቦላሬ ላይ ይረፍ። ዳዶውን በመጀመሪያው ቀን ማሸጊያው በዙሪያው ብቅ እስኪል ብቻ አጥብቁት። በማግሥቱ ሲደርቅ ሙሉ በሙሉ ይጠበቅ። በአንድ ጊዜ ከጠበቀ ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ይቀራል።

አንድ የማይታሸግ ነገር አለ። በመስኮቶቹ በላይ ያለው አሸንዳ ውሃ የሚያወጣባቸው ቀዳዳዎች ክፍት ይሁኑ። ሲሠራ ሁሉንም ቀዳዳ የሚደፍን ታታሪ ልጅ አይጠፋም፤ ያኔ አሸንዳው ይሞላና ውሃው በመስኮቱ ላስቲክ ይገባል። በአቧራና በጭድ የተደፈኑትንም በሽቦ ክፈቱ።

ፖሊዩሪታን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው፤ በቀን 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይደርቃል፣ በበጋው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ላዩ በአንድ ሰዓት አካባቢ ቆዳ ስላበጀ ደርቋል ማለት አይደለም። መኪናው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ በደሴ ታኅሣሥ ሁለት ቀን ይቁም። ፖርቶ መጋላው ላይ ጭነት ለአንድ ሳምንት አይውጣ። ባለንብረቱ የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋውን ከመስማማታችሁ በፊት ቀኑን ተስማሙ።

ከሦስት ቀን በኋላ ኮርኒሱ ሳይገጠም የውሃውን ፍተሻ እንደ መጀመሪያው ድገሙ። ከዚያ ማሸጊያውን ከፀሐይ ለመጠበቅ ቀለም ይቀባል። ሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚቀባ የመኪና ቀለም ይሁን፤ ተራው የዘይት ቀለም ፖሊዩሪታን ላይ ሳይደርቅ የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ከመረጣችሁ ጣሪያው ቀን የሚግለው ይቀንሳል፣ መገጣጠሚያውም የሚሳሳበው በዚያው ልክ ያንሳል።

ጣሪያቸው ፋይበር ግላስ የሆነ ሚኒባሶች ላይ ሥራው ይቀልላል፣ ዝገት የለምና። ነገር ግን ፋይበሩና ብረቱ የሚገናኙበት የዙሪያ መስመር በሙቀት የተለያየ ይረዝማል፤ እዚያ ላይ መስመሩን ወፍራም አድርጉት። ፋይበሩን በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ብናኙ ያሳክካልና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥር መጨረሻና በግንቦት መጨረሻ፣ ጣሪያ ላይ ውጡና መስመሩን በጥፍራችሁ ዳር ዳሩን ሞክሩ። የተነሣ ካለ ያንን ጫፍ ብቻ ከሁለቱም በኩል 10 ሴንቲሜትር ጤነኛው ድረስ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ፍቁ፣ ጥረጉ፣ በተመሳሳይ ዓይነት ማሸጊያ ሙሉ። ለዚህም እንዲረዳ የተጠቀማችሁበትን ማሸጊያ ስምና የሠራችሁበትን ወር በሹፌሩ በር ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚሠራው ልጅ ምን ላይ ምን እንደሚያደርግ ይወቅ።